ላ ሮቶንዳ በለሳኝ ዓይን

ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ስላለው ባለ ጉልላት አሮጌ ቪላ፣ ስለ ላ ሮቶንዳ፣ ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው ግን ከሩቅ ሆኖ የተጻፈ ይመስለኛል። "ወደር የሌለው"፣ "የሕንጻ ጥበብ ቁንጮ" ይሉና ያልፋሉ። ይሁን፣ አልከራከርም። እኔ በሙያዬ ለሳኝ ነኝ። አዲስ አበባ እያለሁ ከጀሞ እስከ ሰሚት የለሰንኩት ግድግዳ ብዙ ነው። አሁን ሰሜን ጣሊያን፣ ቬኔቶ ውስጥ የአሮጌ ቤቶችን ልስን እያደስኩ ነው የምተዳደረው። አንድ ቤት ስሄድ ቀድሜ የማየው ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ነው፤ ጉልላቱ ኋላ ይደርሳል። ይህን ግምገማም በዚያው ልክ አንብቡት።

ቤቱ ያለው ከቪቼንዛ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሞንቴ ቤሪኮ ከሚባለው ተራራ ግርጌ፣ አንዲት ትንሽ ኮረብታ አናት ላይ ነው። ያስጀመረው ፓኦሎ አልሜሪኮ የሚባል የቪቼንዛ ሰው ነው። ካህን ነበር። ሮም ውስጥ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮ 4ኛንና ፒዮ 5ኛን ሲያገለግል ኖሮ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከተማ ውስጥ የነበረውን ቤት ሸጠና በ1566 ገደማ ኮረብታው ላይ ይህን አስጀመረ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አርክቴክቱ አንድሪያ ፓላዲዮ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልኩራ። ፓላዲዮ በ1508 ፓዶቫ ውስጥ ከደሃ ቤተሰብ ነው የተወለደው፤ አባቱ በወፍጮ ሥራ ነበር የሚኖሩት። እሱም በልጅነቱ ድንጋይ ጠራቢዎች ዘንድ ገብቶ ሙያውን ከመዶሻና ከመሮ ጀመረ። ፓላዲዮ የሚለውን ስም እንኳ ያወጣለት ትሪሲኖ የሚባል የቪቼንዛ ባለጸጋና ምሁር ነው። ከሳይት የወጣ ሰው ነው እንግዲህ። ቤቶቹን ሳይ ይህ ይታወቀኛል። ሠራተኛው የማይችለውን ነገር አያዝም።

ፓላዲዮ በ1580 ሲሞት ቤቱ ገና አላለቀም ነበር። ቪንቼንዞ ስካሞትሲ የሚባል ሌላ አርክቴክት ነው የጨረሰው። አልሜሪኮ በ1589 ሲሞት ቤቱ ለልጁ ለቨርጂኒዮ ደረሰ። አዎ፣ ካህን ነበር ብያችኋለሁ፤ ልጅም ነበረው። ልጁ ብዙ አልቆየም፣ በ1591 ለካፕራ ወንድማማቾች ሸጠው። ከ1912 ጀምሮ ደግሞ የቫልማራና ቤተሰብ ንብረት ነው።

ግንባሩ ላይ በላቲን ተቀርጾ የምታዩት ስም ታዲያ ያስጀመረው ሰው ስም እንዳይመስላችሁ። የገዢው የማሪዮ ካፕራ ነው። ማሪዮ አንዱን ረጅም ዓረፍተ ነገር በአራቱም የቤቱ ፊት ላይ ከፋፍሎ አስቀረጸው። ሙሉውን ለማንበብ ቤቱን ዙሪያውን መዞር ግድ ነው። ቤቱም፣ እርሻውም፣ ሸለቆውም፣ ኮረብታውም ለበኩር ልጅ ብቻ ሲተላለፍ እንዲኖር ወስኛለሁ ይላል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ራሱን የሚታገሥና ከምቾት የሚታቀብ ሰው አድርጎ ያቀርባል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ምኑን እንደታገሠ እኔ አልገባኝም።

ከዋናው መንገድ በር ስትገቡ መንገዱ በግንቦች መሃል ጠበብ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። የቤቱ አንደኛው ፊት ከላይ፣ በግንቦቹ መሃል ይታያችኋል። ከዚህ ዳገት በአንዱ ጎን ያለው ረጅም ሕንጻ የእርሻ ቤት ነው። ስካሞትሲ ለካፕራዎች በኋላ የጨመረው ነው። አልሜሪኮ ቤቱን ሲያስጀምር እርሻ አላሰበም። ለማረፊያ፣ ለእንግዳ፣ ለሙዚቃና ለጨዋታ ነበር የፈለገው። ፓላዲዮ ራሱ በ1570 ባሳተመው የሕንጻ መጽሐፍ ውስጥ ይህን ቤት ከከተማ ቤቶች ጋር ነው የመደበው፤ ከገጠር ቪላዎቹ ጋር አላስገባውም። ከከተማው በጣም ቅርብ ነው ብሎ ነው። ሌሎቹ የፓላዲዮ ቪላዎች ጎተራ፣ በረት፣ የእርግብ ቤት አብሮአቸው አለ። ይሄኛው ብቻውን ኮረብታ ላይ ጉብ ብሏል።

ግቢው ላይ ስትደርሱ ትንሽ ግር ይላችኋል። ፊትና ጀርባ የሚባል ነገር የለም። በአራቱም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ሰፊ ደረጃ፣ አንድ ዓይነት በረንዳ፣ አንድ ዓይነት ዓምዶች፣ አንድ ዓይነት ሦስት ማዕዘን ግንባር።

አብረውኝ የነበሩት አማቴ ናቸው። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ መጥተው ነው። ሙዚየም አይወዱም፤ "ቤት ነው" ስላቸው ነው እሺ ያሉት። ነጠላቸውን አስተካክለው ግማሽ ዙር ዞሩና ቆሙ።

"ልጄ፣ እንግዳ በየትኛው ነው የሚገባው?"

"በፈለገው ነው እማማ።"

"ጓሮውስ?"

"ጓሮ የለውም።"

"ታዲያ ልብስ የሚሰጣው የት ነው?"

ሳቅሁ፤ ጥያቄያቸው ግን የዋዛ አይደለም። በአራቱም በኩል ለእይታ የተሠራ ቤት ጓዳውን የት ይደብቃል? ፓላዲዮ መልሱን ከሥር አድርጎታል። ዋናው ወለል ከመሬት ከፍ ያለው ለግርማ ብቻ አይደለም። ከሥሩ ዝቅ ያለ፣ ጣሪያው በቅስት የተሠራ ምድር ቤት አለ። ወጥ ቤቱ፣ ጓዳው፣ የሠራተኞች ቦታው ሁሉ እዚያ ነው። ላይ ሆነው የሚጨዋወቱት ሰዎች ሽንኩርት ሲቁላላ አያዩም።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ ልምጣ። ዓምዶቹ።

እያንዳንዱ በረንዳ ስድስት ዓምድ አለው። በድምሩ 24 ማለት ነው። አናታቸው እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ ነው። ከሩቅ የሚያያቸው ሰው እብነ በረድ ናቸው ብሎ ይምላል። ጡብ ናቸው። ክብ ተደርጎ የተገነባ ጡብ፣ ከላዩ ልስን። ከድንጋይ የተሠሩት እግራቸውና አናታቸው ብቻ ናቸው።

ይህ ሲያዩት ማጭበርበር ሊመስል ይችላል። ሳይት የሠራ ሰው ግን ብልሃት መሆኑ ይገባዋል። እብነ በረድ ከሩቅ ይመጣል፤ በጀልባና በበሬ ጋሪ ማጓጓዙ ኪስ ያራቁታል። ጡብና ኖራ ደጃፍ ላይ አለ። ከቤሪቺ ኮረብቶች የሚወጣው ድንጋይ ደግሞ ለስላሳ ነው፤ ገና ከመሬት ሲወጣ ለመሮ እሺ ይላል። ስለዚህ ፓላዲዮ ውዱን የጠራቢ እጅ ቅርጽ በሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ ያውለዋል። ማለትም እርጥበት የሚበላው እግር ላይና ዓይን የሚያርፍበት አናት ላይ። መሃሉን ረጅሙን ክፍል ለግንበኛና ለለሳኝ ይሰጠዋል።

የለሳኙ ሥራ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የዓምዱ ታችኛው ሲሶ ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ በላይ በጣም በትንሹ እየጎበጠ ይቀጥናል። መስመሩን እንዴት እንደሚያወጣው ፓላዲዮ በዚያው መጽሐፉ ነግሮናል። ረጅም ቀጭን ጣውላ ከዓምዱ ንድፍ ጎን አጋድሞ ጫፉን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ጣውላው ራሱ ሲጎብጥ የሚሠራው መስመር የዓምዱ ጎን ይሆናል። ሒሳብ የለ፣ ምን የለ። ይህን ሳነብ ተነስቼ ልጨፍር ነበር። እንዲህ የሚያስብ አርክቴክት ጋር መሥራት መታደል ነው።

ቱምቢ ጥላችሁ ቀጥ ያለ ግድግዳ መለሰን ማንም ይለምደዋል። ክብ የሆነ፣ ደግሞ እየቀጠነ የሚሄድ ነገር ላይ ግን ቀጥ ያለ ማስተካከያ አያግዛችሁም። በመጨረሻ እጅና ዓይን ነው። መጀመሪያ ሻካራው ንብርብር ይገባል። ሲጠጥር ቀጭኑ ይከተላል። ከላይ የሚመጣው የኖራና የእብነ በረድ ዱቄት ድብልቅ ነው፤ እዚህ ማርሞሪኖ ይሉታል። ይሄኛው እንደ ሲሚንቶ በፍራታሶ፣ በእንጨት ማለስለሻው፣ አሽታችሁ የምትተዉት አይደለም። መጠጠር ሲጀምር በለስላሳ ብረት ደጋግማችሁ ትጫኑታላችሁ። ቶሎ ከተጫናችሁት ይቀደዳል፤ ከዘገያችሁ አይበራም። በመሃል ሻይ ልጠጣ ብሎ መሄድ የለም።

ጥላ ያለበት በረንዳ ላይ ወደ አንዱ ዓምድ ጠጋ አልኩና በእጄ ጀርባ ነካ አደረግኩት። የኖራ ልስን ከሲሚንቶ ጋር አንድ አይደለም። ቀዝቀዝ ይላል፤ ድፍን ሳይሆን ትንፋሽ ያለው ዓይነት ነው። ብርሃኑ ከጎን ሲመታው ብረቱ ያለፈበት ዱካ ይታያል፤ ትንንሽ፣ ያልተስተካከሉ፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ ሰፋፊ ምቶች። ልስን በየዘመኑ ይታደሳል፤ የምነካው የ1500ዎቹ እጅ ነው አልልም። ግን ያደሰውም ሰው ሥራውን ያውቃል። ጠባቂዋ ስታየኝ እጄን ወደ ኪሴ መለስኩ።

እኛ አገር ቪላ የሚያሠራ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዓምድ ነው። አንድ ባለቤት ትዝ ይለኛል። ባለ አንድ ፎቅ ቤቱ ፊት ለፊት ግዙፍ ዓምዶች አስቆመና "ወፈር አድርገው፣ ከጎረቤቴ ይብለጥ" አለኝ። እኔም አወፈርኩለት። ከዓምዱ ኋላ የቀረው በረንዳ አንድ ወንበር እንኳ በወጉ አያስቀምጥም። ቤቱ እስካሁን አለ፤ ሳልፍ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው የማየው። የሮቶንዳ ዓምዶች ከዚያኛው የረከሱ ናቸው፤ አብዛኛው ጡብና ኖራ ነው። ገንዘቡ ያለው ልኩ ላይ ነው። በመሃላቸው ያለው ክፍተት፣ ከኋላቸው ያለው ጥልቀት፣ ከጎን ያለው ቅስት። እያንዳንዱ በረንዳ በሁለቱም ጎኑ ቅስት ያለበት ግድግዳ አለው። ፀሐዩን ይከልላል፣ ነፋሱን ያሳልፋል። አማቴ አንደኛው ቅስት ሥር ተቀምጠው ለመነሳት እምቢ ያሉት ለዚህ ነው።

ሌላ የወደድኩት ነገር የቤቱ አቀማመጥ ነው። ጥጎቹ ናቸው ወደ ሰሜን፣ ወደ ደቡብ፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚጠቁሙት። ፊቶቹ በመካከል ይውላሉ። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ወደ ሰሜን የዞረ ግድግዳ የለም። አራቱም ፊት በቀኑ ውስጥ የሆነ ሰዓት ፀሐይ ያገኛል። መጽሐፎቹ ይህን ስለ ብርሃን ውበት ያወሩበታል። እኔ የማስበው ስለ ሻጋታ ነው። እዚህ አገር ወደ ሰሜን የዞረ ግድግዳ ክረምቱን ሙሉ እርጥበት አይለቀውም። ልስኑ ያብጣል፣ ይላጣል፣ ሥሩ አረንጓዴ ይሆናል። የእኔ እንጀራ ግማሹ ከዚያ ግድግዳ ነው የሚመጣው። ቤቱን 45 ዲግሪ አዙሮ ማስቀመጥ ምንም ወጪ የለውም። ሐሳብ ብቻ ነው።

ወደ ውስጥ እንግባ። ከየትኛውም በረንዳ ብትገቡ አጭር መተላለፊያ አልፋችሁ መሃሉ ላይ ያለው ክብ አዳራሽ ውስጥ ትወድቃላችሁ። እዚያ መሃል ቆማችሁ ስትዞሩ በአራቱ በሮች አራት ኮረብታና ሜዳ ይታያችኋል። ፓላዲዮ በአራቱም በኩል በረንዳ ያደረገው በአራቱም በኩል ያለው እይታ ስላማረው መሆኑን ራሱ ጽፏል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሲቆሙ ምክንያቱ ይገባል። በአንዱ በር ከተማው፣ በሌላው ዛፍ፣ በሌላው እርሻ ነው።

አማቴ ግን ያዩት ወለሉን ነው። የአዳራሹ መካከል ላይ የተቀረጸ የድንጋይ ፊት አለ፤ በቀዳዳ የተበሳሳ።

"ይሄ ምንድነው? ሰይጣን ነው?"

"የውሃ መውረጃ ነው እማማ።"

"ሳሎን መሃል?"

ሳሎን መሃል። እንዲህ ነው። የጉልላቱ አናት ሮም ውስጥ እንዳለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ፣ እንደ ፓንቴዮን፣ ክፍት እንዲሆን ታስቦ ነበር። ዝናብ ሲገባ በዚያ ፊት ቀዳዳዎች ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። በበጋ ደግሞ ከምድር ቤቱ ቀዝቃዛ አየር በዚያው ይወጣል፤ ሙቁ በጉልላቱ ይሄዳል። ፓላዲዮ ይህን ከአየር አልፈጠረውም። ከቪቼንዛ ትንሽ ራቅ ብላ ኮስቶትሳ የምትባል ቦታ አለች። እዚያ ያሉ ቪላዎች ከዋሻ የሚወጣ ቀዝቃዛ አየር በመሬት ውስጥ መተላለፊያ ስበው ክፍሎቻቸውን ያቀዘቅዙበት ነበር። ፓላዲዮ አይቶት ጽፎታል። ኤሲ የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ግን ሙቀቱን ያውቁታል። ዛሬ የጉልላቱ ቀዳዳ ተሸፍኗል፤ ብርሃን ብቻ ነው የሚገባው። አማቴ ማብራሪያዬን ሰምተው ፊቱን ላለመርገጥ በጎን አለፉ።

ጉልላቱን ካነሳን፣ ፓላዲዮ የሳለው ሙሉ ግማሽ ክብ፣ ከፍ ያለ ነበር። ስካሞትሲ ዝቅ አደረገው፤ ከውጭ በደረጃ በደረጃ እየወጣ የሚያልቅ አደረገው። "የጌታውን ሥራ አበላሸ" የሚሉ አሉ። እኔ ከስካሞትሲ ጋር ነኝ። ከታች ከመንገዱ ስታዩት ቤቱ ከኮረብታው ጋር ተያይዞ የወጣ የሚመስለው ጣሪያው ስለማይጮህ ነው። ከፍ ያለ ጉልላት ቢሆን ኖሮ ቤተ ክርስቲያን ነበር የሚመስለው።

ልክ አልኩና ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳያችሁ። ፓላዲዮ ባሳተመው ንድፍ ላይ ቁጥሮቹን ጽፏቸዋል። ክቡ አዳራሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ 30 ጫማ። በረንዳው 30 በ12። የጥጉ ትልቅ ክፍል 26 በ15። ትንሹ ክፍል 15 በ11። ጫማው የቪቼንዛ ጫማ ነው፤ አንዱ 35 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። አሁን እዩት። የበረንዳው ርዝመትና የአዳራሹ ስፋት እኩል ነው። የትንሹ ክፍል ረጅም ጎንና የትልቁ ክፍል አጭር ጎን እኩል ነው። ስለዚህ ግድግዳ ከግድግዳ ጋር፣ በር ከበር ጋር ይገጥማል። ከክፍል ወደ ክፍል ስትሄዱ ቁጥሩን ባታውቁትም እግራችሁ ያውቀዋል። አንዴም "እዚህ ጋ ምን ሆኖ ነው?" አትሉም።

ለግንበኛም ጥቅም አለው። ያው ልክ ሲደጋገም ስህተት ይቀንሳል። አንዱን ጥግ በትክክል ከገነባህ ሌሎቹን ሦስቱን ከእሱ ትወስዳለህ። ግራ ተጋብቶ ፎርማን ፍለጋ መሮጥ የለም።

የግድግዳ ሥዕሎቹን ግን አልወደድኳቸውም። የጉልላቱን ሥዕል የሠራው አሌሳንድሮ ማጋንሳ ነው፤ እሱ ይቅር። ታች አዳራሹ ዙሪያ ያሉትን የሣለው ግን በኋላ የመጣ ሉዶቪኮ ዶሪኒ የሚባል ፈረንሳይ የተወለደ ሠዓሊ ነው። ፓላዲዮ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ዶሪኒ ግድግዳው ላይ ትልልቅ የጥንት አማልክት አቆመ፤ በመሃል በመሃላቸው ደግሞ በቀለም ዓምድ ሳለ። እውነተኛ 24 ዓምድ ውጭ ባለበት ቤት ውስጥ የውሸት ዓምድ ምን ይሠራል? የክፍሉን ልክ ይረብሸዋል። ክቡ አዳራሽ ሜዳ ልስን ብቻ ቢሆን፣ ነጭ ኖራ፣ ከላይ የሚወርደው ብርሃን ግድግዳው ላይ ሲዞር ብናይ እንዴት ባማረ።

አማቴ አልተስማሙም። "ሥዕል የሌለው ግድግዳ ሆስፒታል ይመስላል" ብለው ዘጉኝ።

መኖሪያ ሆኖ ሲታይስ? እዚህ ጋ ነጥብ እቀንሳለሁ። ክብ አዳራሽ አራት ማዕዘን ቤት ውስጥ ስታስገቡ ጥጎቹ ላይ ሦስት ማዕዘን የሚመስል ትርፍ ቦታ ይቀራል። ፓላዲዮ ደረጃዎቹን እዚያ ውስጥ ሸጎጣቸው። ብልህ ነው፤ ከአዳራሹ አይታዩም። ግን ጠባብ ናቸው። ከምድር ቤቱ ወጥ ቤት ትሪ ይዞ፣ በዚያ ጠባብ ደረጃ ወጥቶ፣ ለሃያ እንግዳ ማቅረብ! የሠራተኞቹ ጉልበት አሳዘነኝ። መሃሉ አዳራሽም ሁሉም የሚተላለፍበት ነው፤ ሰው ተረጋግቶ የሚቀመጥበት ቦታ አይመስልም። የማዕዘኖቹ ክፍሎች ይሻላሉ። ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው በሁለት በኩል፣ ምቹ ናቸው። እኔ ብሆን አንዱን ጥግ ይዤ ሌላውን ለእንግዳ እተወዋለሁ። ይህ ቤት ለግብዣ አምስት ከአምስት፣ ልጅ ለማሳደግ ሁለት ከአምስት።

እንዲያም ሆኖ ዓለም ሲቀዳው ኖሯል። እንግሊዝ ውስጥ ሎርድ በርሊንግተን ለንደን አጠገብ ቺዚክ ላይ የሠራው ቪላ የዚህ ዘመድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቶማስ ጄፈርሰን በ1792 ለፕሬዚዳንቱ መኖሪያ በተደረገው ውድድር ላይ ስሙን ደብቆ ሮቶንዳን የሚመስል ንድፍ አስገብቶ ነበር፤ አላሸነፈም እንጂ። ከተማዋ ቪቼንዛ በ1994 የዩኔስኮ ቅርስ ስትሆን፣ በቬኔቶ ያሉ ሌሎች የፓላዲዮ ቪላዎች በ1996 ተጨመሩ።

ልትሄዱ ካሰባችሁ ይህን ያዙ። ግቢው ክፍት ሆኖ ውስጡ የሚዘጋበት ቀን ስላለ የመክፈቻ ቀኖቹን አስቀድማችሁ እዩ። ውስጡን ሳያዩ መመለስ ግማሽ መንገድ ነው። እኔ በሄድኩበት ጊዜ ውስጥ ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም ነበር፤ ላይኛው ፎቅም ለጎብኚ ክፍት አልነበረም። ደረጃው ሰፊ ቢሆንም ጉልበት ለሚያመው ሰው ይከብዳል። አማቴ በእኔ ክንድ ተደግፈው ነው የወጡት፣ በየመሃሉም "የጌታ ቤት ሁሉ ዳገት ላይ ነው" እያሉ። መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ከምትዞሩ ከባቡር ጣቢያው በአውቶቡስ ኑ።

በእግር መሄድ የሚችል ሰው ደግሞ በሞንቴ ቤሪኮ ቤተ ክርስቲያን በኩል ይምጣ። ቁልቁል ሲወርድ መጀመሪያ ቪላ ቫልማራና አይ ናኒ ያገኛል። አጥሩ ላይ 17 የድንጋይ ድንክዬዎች የቆሙበት ቤት ነው። ሥዕል የሚወድ ገንዘቡን እዚያ ያውጣ። ጃምባቲስታ ቲየፖሎና ልጁ ጃንዶሜኒኮ በ1757 የሣሏቸው ክፍሎች የዶሪኒን አማልክት ያስረሷችኋል። አማቴም እዚያ ብዙ ቆዩ። ቤቱ ራሱ እንደ ሕንጻ ግን ተራ ነው፤ ለሥዕሉ ብላችሁ ግቡ። ከእሱ እስከ ሮቶንዳ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ ተረከዝ ያለው ጫማ ተዉት።

ሰዓት ምረጡ ካላችሁኝ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል ይሁን። ወደ ደቡብ ምዕራብ ወደዞረው በረንዳ ውጡ። ዓምዱን ከፊት ለፊት አትዩት፤ ከጎኑ ቁሙና በዓይናችሁ ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ሂዱ። መጉበጥ የሚጀምርበት ቦታ ሲሶው ላይ ነው። ለሳኝ ያልሆነ ሰው አንዴ ካየው በኋላ ሁሌም ይታየዋል። መንካት ግን ክልክል ነው፤ ጠባቂዋ ብትጠይቃችሁ እኔ አልነገርኳችሁም።